የጥድ ዘር ከመፀነሱ በፊት የሚሆነው ነገር

ከጅቡቲ ከተማ መካከል 12 ኪሎሜትር ርቆ በሚገኘው በፔካ 12 ሰፈር ጥድ አይበቅልም፤ አየሩ ሙቅ፣ መሬቱም ደረቅ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ወደዚህ የሚወርዱት የከባድ መኪና ነጂዎች ግን ዛፉን ከየአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያውቁታል። የጅቡቲ ነዋሪም ቢሆን ጥድ ለማየት ከአገሩ መውጣት አያሻውም፤ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተ ሰሜን፣ በጎዳ ተራራ ላይ የዳይ ደን ይገኛልና። በዚያ የሚበቅለው የሐበሻው ጥድ ራሱ ነው። የሚያሳዝነው ግን ከዛፎቹ ብዙዎቹ እንደ ቆሙ ደርቀዋል። ስለዚህ ጥድ እንዴት ዘር እንደሚያፈራ ማወቅ ለሹሙም ለነዋሪውም የሚጠቅም ነገር ነው።

የሐበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። ወንዴው ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል፤ የብናኙም ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር 40ኛው እጅ ገደማ ነው። በሴቴዋ ዛፍ ላይ ደግሞ በትንንሽ ቅርፊቶች መካከል እምቅ ዘር ትገኛለች፤ ይኸውም ገና ያልተፀነሰች፣ ከተፀነሰች በኋላ ግን ዘር የምትሆን አካል ማለት ነው። በጫፏ ጠባብ ቀዳዳ አላት። ጊዜዋ ሲደርስ በዚያ ቀዳዳ ስኳር ያለባትን አንዲት የፈሳሽ ጠብታ ታወጣለች። ነፋስ ያመጣው ብናኝ በጠብታዋ ላይ ሲያርፍ ይርሳል፤ አብጦም የውጭ ልባሱን ቀዶ ይጥላል። ጠብታዋ ወደ ውስጥ ስትሰበሰብም ይዛው ትገባለች። (የዝግባ ብናኝ ግን አየር የያዙ ከረጢቶች ስላሉት በጠብታው ላይ ይንሳፈፋል።)

በአውሮጳ በሚበቅል የዚህ ዛፍ ዘመድ ላይ ተደርጎ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2007 የታተመ ጥናት የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። ብናኝ ያላገኘች ጠብታ 12 ቀን ያህል ትጠብቃለች፤ ቢጠርጓትም እስከ 4 ጊዜ ተመልሳ ትወጣለች። የወገኗ ሕያው ብናኝ ሲነካት ፈጥና ትገባለች፤ ዳግመኛም አትወጣም። ነገር ግን የባዕድ ተክል ብናኝ፣ በሙቀት የሞተ ብናኝ፣ የሲሊካ ጄል ደቃቅ እንኳ ሳይቀር በከፊል እንድትሰበሰብ አድርጓታል። በር ጠባቂዋ እንግዳውን ከቤተ ዘመድ ሁልጊዜ አትለይም ማለት ነው።

የብናኙ መግባት ገና ፅንሰት አይደለም። ብናኙ ቀጭን ቱቦ እያበቀለ በዝግታ ይጓዛል፤ እምቅ ዘሯም እንቁላሏን የምታዘጋጀው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በዚህም ወራት ያልፋሉ። በነዚያ ወራት እናት ዛፏ በጥም ከደረቀች የገባው ብናኝ ከንቱ ይቀራል። ወንዴ ዛፎች በአካባቢዋ ካለቁም ጠብታዋ የምትቀበለው ብናኝ ያንሳል።

እንግዲህ በዳይም ሆነ በደጋው ዛፍ የሚቆጥሩ ሰዎች ወንዴውንና ሴቴውን ለይተው ቢመዘግቡ መልካም ነው። ለችግኝ ፍሬ የሚለቅሙም የፍሬውን ብዛት ብቻ አይመልከቱ፤ ከውጭ ሙሉ የሚመስል የጥድ ፍሬ በውስጡ ባዶ ዘር ሊይዝ ይችላልና፣ ከየዛፉ ጥቂት ዘር ሰብሮ ማየት ያሻል።