ቴርሞስታት፦ ማውጣትና መለወጥ

የሞተር ቴርሞስታት የማቀዝቀዣው ውሃ በራዲያተሩ በኩል እንዲዞር ወይም እንዳይዞር እንደ ሙቀቱ የሚወስን በር ነው። መሐሉ ላይ ሰም የታጨቀበት ትንሽ የብረት እንክብል አለ። ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና ዘንጉን ይገፋል፣ በሩም ይከፈታል፤ ሲቀዘቅዝ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሚከተለው ምልልስ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ኮፈኑ በተከፈተ ያሪስ ፊት፣ ጡረታ በወጡ መካኒክና በአንድ ወጣት ባለ መኪና መካከል የተደረገ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ መኪናው ዳገት ላይ ይግላል። አንድ ጋራዥ ብጠይቅ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፤ የፈረንጅ አገር ብርድ ነው እሱን የሚፈልገው» አሉኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

አዛውንቱ፦ በዚህ አገር ለሞተር የተሰጠ ከዚህ የከፋ ምክር የለም! ቴርሞስታት ለብርድ አገር ብቻ የተሠራ አይደለም። ሞተር ቀዝቅዞ ሲሠራ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ የፒስተኑ ፋሻዎችም ይበላሉ። ዘይቱ በሚገባ ስለማይሞቅ ውስጡ የተጠራቀመው እርጥበት አይተንም፤ ዘይቱ ወደ አተላ ይለወጣል። ኮምፒውተር ያለው መኪና ደግሞ «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳር ጧት ብርዷን የሚያውቅ ሰው «ሞቃት አገር ነው» ብሎ አይከራከርም።

ወጣቱ፦ ያወጡት ሰዎች ግን መኪናችን ቀዘቀዘልን ይላሉ።

አዛውንቱ፦ ተዘግቶ የቀረ በር ሲነሣ ውሃው ያልፋል፤ ሌላ ምን ይሆናል? በአዲስ ቢተኩትም ይቀዘቅዝ ነበር። ተንኮሉ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ መኪና ዓይነት ቴርሞስታት አንድ ሳይሆን ሁለት ሳሕን አለው። የላይኛው ከራዲያተር የሚመጣውን ውሃ ይከፍታል። የታችኛው ሳሕን ሥራው ሌላ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው በአቋራጭ፣ ራዲያተር ሳይደርስ፣ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ዕቃው ሲወጣ አቋራጩ ለዘለዓለም ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከሚዞረው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን ሲወጡ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት አለ፤ የሚግለው እዚያ ነው። ባለቤቱም ራዲያተር ያሳጥባል፣ ቬንቲሌተር ይለውጣል፣ በመጨረሻ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠልና ሞተሩ ይወርዳል። ጥፋቱ አንድ መዳፍ የማይሞላ ዕቃ መጣሉ እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ወጣቱ፦ ድሮስ መኪና ያለ ቴርሞስታት ይሠራ አልነበረም?

አዛውንቱ፦ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ በአብዛኛው ያለ ውሃ ፓምፕም ያለ ቴርሞስታትም ሄዷል፤ በ1930ዎቹ የሰሙ ዓይነት መጣ፤ እስከ ዛሬም ሥራው ያው ነው። ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ።

ወጣቱ፦ ብልሽቱ ከእሱ መሆኑ በምን ይታወቃል?

አዛውንቱ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ተነሥቶ፣ ከቬንቲሌተሩና ከቺንጊያው በራቀ እጅ፣ የራዲያተሩ የታችኛው ጎማ ቱቦ ይዳሰሳል። ጌጁ ወደ ቀይ እየወጣ፣ የላይኛው ቱቦ ግሎ፣ የታችኛው በረዶ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ቀርቷል። ገና በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ሁለቱም እኩል ለብ ካሉ ተከፍቶ ቀርቷል። የውሃ ማነስ፣ የማይዞር ቬንቲሌተርና ያረጀ የራዲያተር ክዳን ግን አስቀድመው መታየት አለባቸው።

ወጣቱ፦ አሮጌውን አውጥቼ በድስት ቀቅዬ መልሼ ገጥሜዋለሁ። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ 95 ዲግሪ ላይ 8 ሚሊሜትር መከፈት አለበት ይላል፤ ውሃው ግን 95 ሳይደርስ ፈላ።

አዛውንቱ፦ አይደርስማ! በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። የ82ቱ ዓይነት በዚያ ውሃ ውስጥ በግልጽ መከፈት አለበት፤ ፍጹም ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል። በአንዳንድ የአውሮፓ መኪና ላይ ያለው፣ 92 የተጻፈበት፣ ግን በድስት ሳይከፈት ቢቀር አይፈረድበትም። መኪናው ውስጥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። በዚህ አለማወቅ ስንት ደኅና ዕቃ ተጥሏል! ሲፈተንም በክር ተንጠልጥሎ ነው፤ የድስቱን ቂጥ ከነካ ሙቀቱ ያሳስታል።

ወጣቱ፦ አዲሱን ከሶማሌ ተራ ገዝቻለሁ። ከየት ልጀምር?

አዛውንቱ፦ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር መመሳከር አለበት፤ በልክ ተመሳስሎ በሙቀት የሚለይ ብዙ ነው። ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ያቃጥላል። ከራዲያተሩ ሥር ያለው ማፍሰሻ ተከፍቶ ውሃው በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል። የታችኛው ቱቦ ሞተሩ ላይ የሚገባበት ክዳን በሁለት ዳዶ ታስሯል፤ ሲፈታ ቴርሞስታቱ ይታያል። አቀማመጡ በሞባይል ፎቶ ይነሣ፤ ገልብጦ የገጠመ ብዙ ነው። ሞላውና እንክብሉ ወደ ሞተሩ ያያሉ፤ ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ማሳለፊያ ደግሞ ወደ ላይ ትሆናለች፤ አየሩ የሚወጣው በእሷ ነው። ፊቱ በጨርቅና በስለት ባልሆነ ነገር ይጸዳል፤ የጎማ ቀለበቱ አዲስ ይሁን። ቀለበት ባለበት ሲሊኮን መቀባት ልማድ ነው እንጂ ጥቅም የለውም፤ የተረፈው ተቆርሶ ራዲያተር ይደፍናል። ዳዶዎቹ ተራ በተራ በጥቂት ጥቂቱ ይጠብቃሉ፤ 10 ኒውተን ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በጉልበት ያጠበቀ ብሎኑን ይበጥሳል።

ወጣቱ፦ የቧንቧ ውሃ ልሙላ?

አዛውንቱ፦ የቧንቧ ውሃ ዝገትና ጨው ያመጣል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ በግማሽ ተደባልቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቀስ እየተባለ ይሞላል። የመኪናው ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሞተሩ ይነሣል፤ አረፋው እስኪያልቅና የታችኛው ቱቦ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ቱቦው በድንገት ሲሞቅ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ ክዳኑ ይገጠማል። የወጣው አሮጌ ኩላንት ይጣፍጣልና ውሻና ሕፃን ይልሰዋል፤ መርዝ ነው፣ በመንገድ አይደፋም። በማግስቱ ጧት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ የመጠባበቂያው ዕቃ መጠን ይታያል፤ አየሩ ስለወጣ ትንሽ መጉደሉ አይቀርም፣ እስከ ምልክቱ ይሞላል።