‹‹የወር አበባሽ መቼ ነበር?››
በእርግዝና መጀመሪያ የሚወሰድ መድኃኒትና ፅንሱ



ከመስከረም ጀምሮ ያሉት ወራት በወላይታ ቆላ የወባ ወቅት ናቸው። ከሁምቦ፣ ከአባያ ሐይቅ ዳር ወይም ከብላቴ ወንዝ ዙሪያ ወደ ሶዶ ገበያ የመጣች አንዲት እህት ብርድ ብርድ ብሏት፣ ራሷን እየፈለጣት መድኃኒት ቤት ገባች እንበል። ‹‹የወባና የራስ ምታት ስጡኝ›› ትላለች። ከፍላ ትውጣለች። ባለፈው ሳምንት መምጣት የነበረበት የወር አበባዋ እንደቀረ ልብ አላለችም፤ ብትልም ድካሙ ያዘገየው መስሏታል። ሻጩም አልጠየቃትም። የዛሬው ትምህርታችን በዚያ ሳይጠየቅ በቀረው ጥያቄ ላይ ነው።

ፅንሱ ስንት ቀኑ ነው?

ብዙዎቻችን እርግዝና ሲባል የሚታየን ሆድ ሲገፋ ነው። ለፅንሱ ግን ዋናው ሥራ ያን ጊዜ አልቋል። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት የምትፀንሰው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ የወር አበባዋ በቀረበት ዕለት ፅንሱ 14 ቀን ገደማ ሆኖታል። በእነዚህ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ጎጂ ነገር ቢደርስበት ባብዛኛው ወይ ይወርዳል ወይ ምንም ሳይሆን ይቀጥላል። ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ግን የአካል ክፍሎች አንድ በአንድ የሚሠሩበት ነው። ልብ በ22ኛው ቀን ገደማ መምታት ይጀምራል። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ እግሮቹ ላይታዘዙለት፣ ጭንቅላቱም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ይህ ሁሉ ሲወሰን እናትየው የወር አበባዋ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። አንዳንዷ ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

እናት የዋጠችው አብዛኛው መድኃኒት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ዓለም ይህን በደንብ የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ገበያ ላይ ዋለ። ለነፍሰ ጡሮች የጠዋት ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። ‹‹ምንም ጉዳት የለውም›› ተብሎ በብዙ አገሮች ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጃቸው ወይም እግራቸው አጥሮ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ሳይኖራቸው ተወለዱ። በአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ትሠራ የነበረችው ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ ግን ማስረጃው አላረካኝም ብላ ፈቃዱን በመከልከሏ ብዙ የአገሯ እናቶች ተረፉ። መድኃኒቱ ጉዳት ያደረሰው ከፅንሰት በኋላ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ለወሰዱት ነበር፤ በእነዚያ ቀናት አንድ እንክብል እንኳ ይበቃ ነበር። ያው የወር አበባ ከቀረ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ማለት ነው።

ወባዋስ አትታከም?

ትታከም እንጂ! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያልታከመ ወባ ፅንስ ያስወርዳል፣ ደም ያሳንሳል፣ እናትየውንም ይገድላል። ከፍተኛ ትኩሳት ብቻውን እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለፅንሱ ጥሩ አይደለም። በፊት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው ለ7 ቀን የሚወሰደው መራራው ኩዊኒን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ብዙዎቻችን ኮአርተም የምንለው መድኃኒት በእነዚህ ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ክሎሮኩዊንም ለሚመለከተው የወባ ዓይነት በእርግዝና ይሰጣል። የማይሰጠው ፕሪማኩዊን ነው። ይህ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚመላለሰውን ወባ የሚያጠፋ ሲሆን፣ የፅንሱን ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይታዘዝም።

ታዲያ ወንድሜ፣ ነገሩ አንተንም ይመለከታል። ለአንተ የታዘዘው ፕሪማኩዊን ተርፎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ባለቤትህን ደግሞ በሳምንቱ አተኮሳት። ‹‹ያው ወባ ነው፣ ይቺን ውሰጂ›› አትበላት። በጤና ኬላ ከጣቷ በሚወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም የወር አበባዋን ጠይቃ ትመራታለች።

ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል በልክ ከተወሰደ በእርግዝና የሚመረጠው እሱ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ባይወሰዱ ይሻላል፤ ከ5ኛው ወር በኋላማ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ከ4ኛው ወር ገደማ ጀምሮ ከተወሰዱ የልጁን ጥርስ ያበልዛሉ። ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ የአካል ጉዳት ስለሚያመጣ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ጨርሶ አትንካው።

ከጊፋታ ማግስት

በአገራችን በወላይታ ጥሬ ሥጋ የክብር ምግብ ነው፤ ከጊፋታ ሰሞን በኋላ የኮሶ ትል የሚያማርር ሰው አይጠፋም። ኮሶ መጠጣት ደግሞ ቀላል ይመስለናል። ኮሶ ኃይለኛ ነው፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሲበዛም ይመርዛል። ነፍሰ ጡር ልትጠጣው አይገባም። የሆድ ትላትል ማጥፊያው አልቤንዳዞልም ቢሆን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ነው የሚሰጠው። ጥሬ ሥጋውን እስከ ወሊድ ድረስ ማብሰል ከሁሉም ይቀላል።

ስለ ጤና አዳምና ጥቁር አዝሙድም ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ምግብ ላይ የተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ ሌላ፣ ዘይቱን በየቀኑ በማንኪያ መጠጣት ሌላ። ጥቁር አዝሙድ በሐዲስ የተወደሰ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነፍሰ ጡር ዘይቱን አብዝታ ብትጠጣ ደኅና ነው የሚል በቂ ጥናት ግን የለም። ጤና አዳም ተጨምቆ ሲጠጣ ማህፀንን ሊያኮማትር ይችላል። ከቡና ውስጥ ለእነዚህ ጥቂት ወራት ብትተዪው ምን ይጎድልሻል?

ስለ መጠጥ ለዚህ ዓምድ አንባቢ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስለ ጫት ግን ዝም አንልም፤ በየቤታችን አለና። ጫት የደም ሥርን ያጠባል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። የሚቅሙ እናቶች ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናት የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በጥናቶች ታይቷል።

በራስሽ የማታቋርጪው መድኃኒት

ይህን አንብባ የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ዛሬውኑ የምትጥል እህት እንዳትኖር እንሰጋለን። እርግጥ ነው፣ ሶዲየም ቫልፕሮት በእርግዝና ከሚወስዱት እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት በ1ዱ ገደማ ላይ የአካል ጉድለት ያስከትላል፤ የአእምሮ እድገትንም ይጎዳል። ሆኖም በድንገት ማቋረጥ እናትን ምድጃ ላይ ሊጥላት፣ ሊገድላትም ይችላል። ለልብ ሕመም ዋርፋሪን የምትወስድም እንዲሁ ናት። የእነዚህ መፍትሔ ከማርገዝ በፊት ሐኪም ጋር ቀርቦ መድኃኒቱን መቀየር ነው። በሶዶ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ ያው ብዙዎቻችን ኦቶና የምንለው፣ ይህን ማማከር ይቻላል።

አንድ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ፤ ፎሊክ አሲድ። በቀን 400 ማይክሮግራም ከፅንሰት በፊት ጀምሮ ሲወሰድ የህብለ ሰረሰር ክፍተትን በብዙ ይከላከላል። በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች ከአይረን ጋር ይሰጣል። ችግሩ አብዛኞቻችን ለክትትል የምንሄደው በ4ኛው ወይም በ5ኛው ወር መሆኑ ነው፤ ቱቦው የተዘጋው ግን በመጀመሪያው ወር ነው። ጎመን፣ ሽፈራው፣ ባቄላና ቦሎቄ ይህን ንጥረ ነገር ይሰጣሉ። ቅጠሉ ብዙ ከተቀቀለና ውሃው ከተደፋ አብዛኛው አብሮ ይደፋል።

ሳታውቂ ከወሰድሽስ? አትደንግጪ። ምንም መድኃኒት ካልወሰዱ እናቶችም ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 3 ያህሉ አንድ ዓይነት የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ አብዛኛው የተለመደ መድኃኒት ደግሞ ፅንሱን አይጎዳም። ባዶውን የመድኃኒት ማሸጊያ አትጣዪው። የወሰድሽበትን ቀንና የመጨረሻ የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ጽፈሽ፣ ማሸጊያውንም ይዘሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሐኪሙ ሁለቱን ቀኖች አስተያይቶ፣ መድኃኒቱ ፅንሱ በስንተኛ ቀኑ እንደደረሰበት ይነግርሻል።