የመስኮት መጋረጃ ገመድ፦ ጥንካሬው መቼ አደጋ ይሆናል?

በቢሮአችን መስኮት ላይ በገመድ እየተሳበ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጠቀለል መጋረጃ አለ። የገመዱን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ ቀለበት የሚያደርገው ትንሽ የፕላስቲክ ማያያዣ ጠንከር ብለን በሳብነው ቁጥር ይላቀቅ ስለነበር፣ አንድ ቀን ማያያዣውን ጥለን ገመዱን ቋጠርነው። ቋጠሮው ጠንካራ ሆነ፤ እኛም ደስ አለን። ስሕተታችን የገባን ቆይቶ ነው።

ጉዳዩን በስሌት እንመልከተው። በሲሊንደር ዙሪያ ከተወጠረ ገመድ ግማሹን ቀለበት ብቻ ነጥለን ብናይ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እያንዳንዳቸው በውጥረቱ ልክ ይሳባሉ። ይህን የሚመክተው፣ ግፊቱ በሲሊንደሩ ዲያሜትርና በገመዱ ውፍረት ተባዝቶ የሚገኘው ኃይል ነው። ሰበቃን ለጊዜው ትተን ሁለቱን ብናስተካክል የሚከተለውን እናገኛለን፦

ግፊት = ውጥረት ÷ (ራዲየስ × የገመዱ ውፍረት)

የሕፃን አንገት ራዲየስ 3.5 ሴንቲ ሜትር፣ የገመዱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር፣ ውጥረቱም 20 ኒውተን ይሁን። ግፊቱ 286,000 ፓስካል ገደማ ይሆናል። በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ቅዳ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት ግን ከ13,000 ፓስካል ብዙም አይርቅም። በቆዳው ላይ ያረፈው ግፊት ወደ ውስጥ ሲዘልቅ እየተበተነ እንደሚሄድ አንዘነጋም፤ ሆኖም ልዩነቱ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። አንባቢው ውፍረቱን እየቀያየረ ስሌቱን ቢደግመው ቀጭን ገመድ የባሰ የሚሆንበትን ምክንያት ራሱ ይደርስበታል።

አሁን 20 ኒውተን ምን ያህል እንደሆነ እናስብ። የ2 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ነው። 11 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ክብደቱ 108 ኒውተን ያህል ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ከአምስት አንዱ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሕፃኑ መንጠልጠል የለበትም፤ ጉልበቱን አጥፎ ወደ ፊት ማዘንበሉ ይበቃል። የአንገት ደም መልሶች በ2 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት እንደሚዘጉ በፎረንሲክ ሕክምና ጽሑፎችም ይጠቀሳል። አደጋው ድምፅ የለውም፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለች እናት አንዳች ነገር ላትሰማ ትችላለች። በአሜሪካ እነዚህ ገመዶች ዕድሜአቸው እስከ 5 ዓመት የሆኑ 9 ያህል ሕፃናትን በየዓመቱ በአማካይ ይገድሉ እንደነበር የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን አስታውቋል።

እንግዲህ ያ የጣልነው ማያያዣ የተሠራው እንዲላቀቅ ነበር። ሥራው ከፊዩዝ ሥራ አይለይም፤ እኛም ፊዩዝ ሲያስቸግረው ምስማር እንደሚያስገባ ሰው ሆነናል።

ይሁንና ማያያዣውም ሙሉ መልስ አይደለም። መጋረጃው ራሱ ክብደት አለው፤ ማያያዣው በ20 ኒውተን የሚላቀቅ ቢሆን ብዙውን መጋረጃ ማንሳት ባልተቻለ ነበር። ለሥራ የሚያስፈልገው ኃይልና ለአንገት የሚበዛው ኃይል ተደራርበዋል፤ የመሐንዲሱ ችግር ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ መንገድ አለ፦ ቀለበቱን ወደ ታች ወጥሮ ከግድግዳ ጋር የሚያስር መያዣ። የተወጠረ ቀለበት ራስ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። መያዣው በብሎን ካልታሰረ ግን ጌጥ ብቻ ነው።

አግዳሚ ሰሌዳዎች ያሉት መጋረጃ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በሰሌዳዎቹ መካከል የሚያልፈው ገመድ ወደ ጎን ሲሳብ ተመዝዞ ቀለበት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ከ85 ሚሊዮን በላይ መጋረጃዎች እንዲጠገኑ ጥሪ የተደረገው በዚህ የተነሣ ነበር። የተሰጠው መለዋወጫ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው፤ ገመዱ ላይ ተሰክቶ ከተወሰነ ርዝመት በላይ እንዳይመዘዝ የሚያግድ ትንሽ መግቻ።

በመጨረሻ የአሜሪካ ስታንዳርድ ገመዱን ራሱን ወደ ማስወገድ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 አጋማሽ ጀምሮ ተዘጋጅተው በሚሸጡት፣ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ደግሞ በትእዛዝ በሚሠሩት ላይ። የቆዩት መጋረጃዎች ግን ዛሬም በየመስኮቱ አሉ፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት የሚከራዩ ወገኖቻችንም የሚወርሱት የቀድሞ ተከራይ የተጠቀመበትን ነው። አልጋውን ከመስኮቱ ማራቅ ዋጋ አይጠይቅም፤ መለዋወጫ እስኪገኝም ገመዱን ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ መጠቅለል ይቻላል።

የቢሮአችን ቋጠሮ ተፈትቷል። ተስማሚ ማያያዣ ገና ስላላገኘን መጋረጃው ወደ ላይ እንደተጠቀለለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊታችን ላይ ነው የሚውለው።