የቋንቋ ትምህርት፦ «ካሳ» የሚለው ስም

በኮልፌ ቀራንዮ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ስም መጥራታችሁ አይቀርም። እስቲ ከስሞቹ አንዱን እንመልከት።

«ካሳ» የወጣው «ካሰ» ከሚለው ግስ ነው። በሕግ ቋንቋ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ማለት ነው። የሰው ስም ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ከበስተኋላው ሐዘን አለ፤ ልጅ ወይም ዘመድ ከሞተ በኋላ የተወለደ ሕፃን «የጠፋውን ይክሳል» ተብሎ ይሰየማል። ካሳዬ (የእኔ ካሳ)፣ ካሳሁን (ካሳ ሁን)፣ ለሴት ደግሞ ካሳነሽ (ካሳ ነሽ) ከዚሁ ይወጣሉ። ምትኩም በትርጉም ዘመዳቸው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1864 ዓ.ም. ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ካሳ ምርጫ ይባሉ ነበር።

ታዲያ ይህ ለመምህር ምን ይጠቅማል? ልጁ የአያቱን ስም ወርሶ ሊሆን ይችላል፤ የሞተ ወንድሙ ምትክም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስሙ አይቀለድም፤ በክፍል ፊትም «ለምን እንዲህ ተባልክ?» ተብሎ አይጠየቅም። የስም ትርጉም ስታስተምሩ ከራሳችሁ ስም ጀምሩ፤ መናገር የፈለገ ተማሪ ራሱ ይከተላል።

መልመጃ፦ «ማስረሻ» ከየትኛው ግስ ወጣ? ምንንስ ለማስረሳት?