ጥቁሩ ሰደርያ ስንት ኪሎ ያነሳል?

ሁለት ሥራ፣ ሁለት ዕቃ

የባህር ኃይል ጠላቂ ሥራ ላይ ሳለ መስመጥም መንሳፈፍም አይፈልግም፤ ባለበት ጥልቀት ረግቶ መዋኘት ነው የሚሻው። ክፉ ነገር የደረሰ ዕለት ደግሞ፣ ራሱን ቢስት እንኳ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ዞሮ ከውሃው በላይ መገኘት አለበት። የመጀመሪያው የተንሳፋፊነት ማስተካከያ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የሕይወት አድን ጃኬት። ሁለቱም ሰደርያ ስለሚመስሉ ገዢ ያምታታቸዋል፤ ሻጭም ሲያምታታቸው እያየ ዝም ይላል። ማስተካከያው ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው ገልብጦ እንዲይዝ አልተሠራም።

ስሌቱ

አርኪሜዲስን ታስታውሳላችሁ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ቦታውን ያስለቀቀውን ውሃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ 1 ሊትር ጋዝ የያዘ ከረጢት 1 ኪሎ ገደማ ያነሳል። የባህር ውሃ በጨው ምክንያት ትንሽ ይከብዳል፣ 1 ሊትሩ 1.025 ኪሎ ያህል ነው፤ ለዛሬ ግን እንተወው።

ጃኬቱ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የታመቀባት ትንሽ የብረት ጠርሙስ አለች። ገመዱ ሲሳብ መርፌ ክዳኗን ይበሳና ጋዙ ከረጢቱን ይሞላል። 33 ግራም የያዘችውን እንውሰድ። 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በክፍል ሙቀት 24 ሊትር ያህል ይሆናል፤ 33 ግራሙ እንግዲህ 18 ሊትር። ውሃው ገጽ ላይ 18 ኪሎ ያነሳል ማለት ነው።

አሁን እንውረድ። ባህር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 አትሞስፌር ገደማ ይጨምራል። ላይ 1 የነበረው 10 ሜትር ላይ 2 ይሆናል፤ በቦይል ሕግ መሠረት 18 ሊትሩ ወደ 9 ይወርዳል። 20 ሜትር ላይ 6፣ 30 ሜትር ላይ 4 ተኩል ብቻ ይቀራል። ጠላቂው የለበሰው ስፖንጅ መሰል ልብስም በዚያው ግፊት ስለሚታመቅ የራሱን መንሳፈፍ ያጣል። ካታሎጉ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን ያ የላይኛው 18 ነው።

መልሱ ትልቅ ጠርሙስ ነው የሚል ይኖራል። ጠላቂው ወደ ላይ ሲመለስ ግን ጋዙ ይሰፋል፤ በሰፋ ቁጥር ይበልጥ ይገፋል፤ በገፋ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ትንፋሹን ይዞ እንዲያ የወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ትርፍ ጋዝ የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ከጠርሙሷ እኩል መታየት ያለበት ነው። በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ግን ቦታ አያገኝም።

አረፋ የሌለው ጠላቂ

በታኅሣሥ 1941 እ.ኤ.አ. 6 ጣሊያናውያን ጠላቂዎች እስክንድርያ ወደብ ሰርገው ገብተው ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን በፈንጂ ከጥቅም ውጭ አደረጉ። ይተነፍሱ የነበረው ንጹሕ ኦክስጅን ነው፤ የተነፈሱት አየር ተጣርቶ ወደ ራሳቸው ስለሚመለስ አረፋ አላሳበቀባቸውም። ድሬገር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው ላር ቪ የተባለ መተንፈሻም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ግን በግፊት ሥር መርዝ ስለሚሆን፣ ይህን የሚጠቀም ጠላቂ ብዙውን ጊዜ የሚቆየው በጥቂት ሜትሮች ጥልቀት ነው።

ጥልቅ ስላልሆነ ረግቶ መዋኘቱ ቀላል ይመስላል፤ የተገላቢጦሽ ነው። ከ30 ወደ 40 ሜትር ሲወረድ ግፊቱ የሚጨምረው በሩብ ነው፤ ከውሃው ገጽ ወደ 10 ሜትር ሲወረድ ግን እጥፍ ይሆናል። እዚያ ላይ አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ዝቅ ማለት ሚዛኑን ያናጋል። ተራው ጠላቂ እንዲህ ሲገጥመው ትንፋሹን በጥቂቱ ሳብ ወይም ለቀቅ እያደረገ ያስተካክላል። የዚህኛው ጋዝ ከሳንባ ወደ መተንፈሻው ከረጢት፣ ከከረጢቱ ወደ ሳንባ የሚመላለስ እንጂ የሚወጣ ስላልሆነ ጠቅላላ ይዘቱ አይለወጥም፤ በትንፋሽ የማስተካከል ዘዴ የለውም።

ማስታወቂያው ምን ይሸጣል?

ከዚህ ሁሉ ስሌት የታክቲካል ዕቃ ማስታወቂያ ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እዚያ የምናየው ጢማም ሰው፣ ጥቁር ልብስና ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹን እንመርምር።

ሚል-ስታንዳርድ 810 የሚለውን በስልክ መሸፈኛ ላይ እንኳ ታገኙታላችሁ። የአሜሪካ መከላከያ የሙቀት፣ የንዝረት፣ የመውደቅ፣ የጨው ጉም ፈተናዎች እንዴት እንደሚካሄዱ የጻፈበት ሰነድ ነው። በሲቪል ገበያ ለሚሸጥ ዕቃ በዚህ ስም የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የመንግሥት አካል የለም፤ የትኛውን ፈተና እንደሚመርጥ የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው። ጃኬቱ የጨው ጉም ቢችልም ስንት ኪሎ እንደሚያነሳ ከዚያ አይታወቅም።

ባለ 13 አኃዙ የኔቶ የዕቃ ቁጥርም እንዲሁ የመጋዘን መለያ ነው። ብሎን ሳይቀር አለው።

የአሜሪካ ባህር ኃይል ለጠላቂዎቹ የፈቀዳቸውን ዕቃዎች የሚዘረዝር መዝገብ አለው፤ እሱ ቁም ነገር ነው። ሆኖም ወታደሩ ያንን ዕቃ ሲለብስ ከኋላው በየጊዜው የሚፈትሽለት፣ ጠርሙሷን መዝኖ የሚተካ ቴክኒሻን አለ። ሲቪሉ ገዢ የሚያገኘው ጃኬቱን ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ማሰሪያው ነው። ሰደርያው ላይ 25 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች ይደረደሩና ኪስ በላይ በላይ ማንጠልጠል ይቻላል ተብሎ ይወደሳል። የተንጠለጠለው ሁሉ፣ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ተቀንሶለት፣ ከዚያ 18 ኪሎ ላይ የሚቀነስ ነው። ማንሻው ላይ ሸክም መጫኛ ጨምሮ እንደ ጥቅም መሸጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ለሻጩ የሚቀርብ ጥያቄ

በአውሮፓ መለኪያ ጃኬቶች በኒውተን ይመደባሉ፦ 50፣ 100፣ 150፣ 275። 10 ኒውተን 1 ኪሎ ገደማ ነው። 275ቱ በክፉ ባህር ላይ ከባድ ልብስና መሣሪያ ለሚሸከም ሰው የታሰበ ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር ካልነገራችሁ፣ ወይም የጠርሙሷን ግራም ካላወቀ፣ ሌላው ወሬ ይቆየን።

ቀለሙንም ተመልከቱ። ጥቁር በሌሊት ጠላት ወደብ ለሚገባ ሰው ተገቢ ነው፤ ዓላማው አለመታየት ነውና። ከጀልባው ርቆ የወጣ የመዝናኛ ጠላቂ ግን ፈላጊዎቹ እንዲያዩት ይፈልጋል። ለእሱ ብርቱካናማው ጃኬት ይሻለዋል።