ሲቲ ማርኬት ውስጥ መደብ ለያዝሽው ልጄ

ልጄ፣ እዚህ ናይሮቢ ከኪሊማኒ ሰፈር ወጥተሽ ሲቲ ማርኬት ውስጥ የምግብ መደብ መያዝሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እዚህ ሰፈራችን የሐበሻ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ግቢና ጥላ ያለው ቤት ይከራያል፤ ቀለም ይቀባል፣ መሶብ ይደረድራል፣ ሥራ ይጀምራል። ያንቺ ግን ይለያል። ሙይንዲ ምቢንጉ መንገድ ላይ ያለው የገበያው አዳራሽ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዞች ዘመን የተሠራ የሕዝብ ቤት ነው። ከማሳመርሽ በፊት የማይታየውን አስተካክዪ፦ ወረቀቱን፣ ሽቦውን፣ ውሃውን፣ ጭሱን።

1. ፉንዲ (የእጅ ባለሙያ) ከመጥራትሽ በፊት ውሉን ያዢ። ቦታው የናይሮቢ ካውንቲ ነው፤ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ባለመደብ አይደለም። «ጉድዊል (የመልቀቂያ ገንዘብ) ክፈዪና ግቢ» የሚልሽ ካለ በስሙ የተቆረጠውን የካውንቲ ደረሰኝ ያሳይሽ። ምን መለወጥ እንደተፈቀደልሽም በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

2. የምትሸጪውን ሳትወስኚ ወጥ ቤት አታስነድፊ። በጾም ምግብ ብትጀምሪ ይበጅሻል። ምስርና ሽሮ ትልቅ ማቀዝቀዣ አይጠይቁም፤ ናይሮቢ ደግሞ ሥጋ የማይነኩ ብዙ ሕንዶች ያሉባት ከተማ ናት። ሥጋ ስትጨምሪ መክተፊያው፣ ቢላውና ማስቀመጫው ይለይ። ይህን አሁኑኑ በንድፉ ላይ ካላሰብሽበት በኋላ ቦታ አታገኚለትም።

3. አዳራሹን አትብሺ። ያ ከፍ ያለ ጣሪያ የቆመው በኮንክሪት ቅስቶች ላይ ነው፤ በኮንክሪቱ ውስጥ ብረት አለ። ከተበሳ ውሃ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። መደርደሪያሽ በራሱ እግር የሚቆም፣ ስትለቂ ነቅለሽ የምትወስጂው ይሁን። ኮርኒስም ይቅርብሽ። ከላይ በደረጃ የተሠሩት መስኮቶች የቀን ብርሃን በነፃ ይሰጡሻል፤ ከሸፈንሻቸው ቀኑን ሙሉ በአምፖል ትሠሪያለሽ።

4. ምጣዱን ከግድግዳ ሶኬት ላይ አትሰኪው። የኬንያ ሶኬት የሚችለው 13 አምፔር ነው፤ በ240 ቮልት 3,120 ዋት ይሆናል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ 3,500 ዋትና ከዚያም በላይ ይስባል፤ ለ220 ቮልት የተሠራ ከሆነ ደግሞ እዚህ የበለጠ ይስባል። ስለዚህ ሶኬቱ ይግላል፣ ይቀልጣል። ምጣድ ካስፈለገሽ ከቆጣሪው የሚመጣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። እኔን ከሰማሽኝ ግን እንጀራውን እዚያ አትጋግሪ። ኪሊማኒም ሆነ ኢስሊ ሰፈር ጋጋሪ ሞልቷል፤ በየጠዋቱ አስመጪ። ወጪሽ ይቀላል፤ ቦታሽም ይሰፋል።

5. እሳት የጋራ ዕዳ ነው። አጠገባችን ያለው ቶይ ገበያ ደጋግሞ ተቃጥሏል። ጊኮምባ ገበያ በሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) ሲቃጠል 15 ሰው ሞተ። የመርካቶውን ሸማ ተራ የጥቅምት 2017 ዓ.ም. ቃጠሎ ሁላችንም አይተናል። ያንቺ ቸልተኝነት የማታውቂውን ነጋዴ ቤተሰብ ሊያስርብ ይችላል። የጋዝ ሲሊንደሩ ከምድጃው ይራቅ፣ ቆሞ ይቀመጥ፤ ጎማው ሳይሰነጠቅ ይቀየር። የእሳት ማጥፊያው ከምድጃው ጀርባ ሳይሆን በመውጫሽ በኩል ይሰቀል። መተላለፊያው ላይ ጆንያ አታስቀምጪ።

6. ውሃ መንገዱን አስቀድሞ ይፈልጋል። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ያዘቅዝቅ፤ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ባልዲ ውሃ ደፍተሽ ሞክሪው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር የቅባት ማጣሪያ ይግባ፤ ዘይትና ሽሮ አንድ ላይ ሲረጋ አሮጌ ቧንቧ አይችለውም። እኛ በእጅ ነው የምንበላው፤ ስለዚህ የእጅ መታጠቢያው ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት የሚያገኘው ቦታ ይሁን።

7. ጎረቤቶችሽን አክብሪ። ሥጋ ሻጩም ዓሣ ጠባሹም ከአንቺ በፊት እዚያ ነበሩ። የማፍረሱን ሥራ ገበያው ከተዘጋ በኋላ አሠሪ፤ አቧራሽ የሰው ሥጋ ላይ አይረፍ። በርበሬም ገበያው ውስጥ አታቁላዪ። ያ ሽታ ለእኛ ምግብ ነው፤ ለማያውቀው ሳል ነው። ቁሌቱን ቤት ሠርተሽ አምጪና እዚያ ወጡን ጨርሺ።

8. የጤና ወረቀትሽ አይጓደል። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ የሕክምና ምርመራ ካርድ ይይዛል፤ በየ6 ወሩ ይታደሳል። ካንጆ (የካውንቲው ተቆጣጣሪ) ሲመጣ የሚሟገትልሽ የተሰቀለ ወረቀት እንጂ ጥሩ ወጥ አይደለም።

9. ከገንዘብሽ ሩቡን አትንኪ። አሮጌ ቤት ሲከፈት ያልታሰበ ነገር አይጠፋም፦ የበሰበሰ ቧንቧ ወይም ማን እንደዘረጋው የማይታወቅ ሽቦ። ይህን የምትከፍዪበት ከሌለሽ ግማሹ ፈርሶ ኪራይ እየቆጠረ ይቆማል። ገንዘቡ ካጠረሽ ወንበሩና ጌጡ ይቅር፤ ሽቦውና ቧንቧው ግን አይቀነስ። ደንበኛ በአሮጌ ወንበር ተቀምጦ ይበላል፤ ውሃ ወደተኛበት ወለል ግን አይመለስም።