አስቀድመን ወደ ማን እንሂድ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰዎች አብረው እስከ ኖሩ ድረስ አለመግባባት አይቀርም። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች፣ በአንድ የመዝሙር ክፍል የሚያገለግሉ ወጣቶችም ይጋጫሉ። አለመግባባት ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ የሚከፋው አያያዙ ሲበላሽ ነው።

መንሥኤውን ብንመረምር ብዙውን ጊዜ የጥቅም ግጭት፣ የሐሳብ ልዩነት ወይም ወሬ ሆኖ እናገኘዋለን። የአብራምና የሎጥ እረኞች የተጣሉት ከብቱ በዝቶ ምድሪቱ ስላልበቃቻቸው ነበር (ዘፍ. 13፥5-9)። አብራም የአጎትነት ክብር እያለው ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ፤ መሬት ከማትረፍ ዘመድ ማትረፍን መረጠ። ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ ደግሞ በማርቆስ ምክንያት ሳይስማሙ ቀርተው መንገዳቸውን ለዩ (ሐዋ. 15፥36-40)። ነገር ግን አገልግሎታቸውን አልተዉም፤ ጳውሎስም በኋላ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው መስክሮ እንዲያመጡለት ጻፈ (2ጢሞ. 4፥11)።

ወሬ ግን ከሁሉ ይከፋል። አንዱ ቅር ሲሰኝ ላስቀየመው ሰው ሳይነግር ለሦስት ጓደኞቹ ይነግራል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ ቃሉ እየተጨመረበት ይዞርና ባለቤቱ ጋ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ሳይቆይ መዘምራኑ በሁለት ወገን ይቆማሉ። ከዚያም አንዱ ከጉባኤ ይቀራል፤ ለምን ቀረህ ብሎ የሚጠይቀው ግን አይኖርም።

ጌታችን ለዚህ መድኃኒቱን በቅደም ተከተል ሰጥቶናል (ማቴ. 18፥15-17)።

ሀ. አስቀድመን ለብቻው እናነጋግረው። «አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» ብለን ከመፍረድ «ትናንት እንዲህ ስትለኝ አዘንሁ» ብለን እንጀምር። መልሱንም ሳናቋርጥ እንስማ። ቁጣችን እስኪበርድ ጥቂት ብንቆይ መልካም ነው፤ ቂም ግን አናሳድር፤ ነገር «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና።

ለ. ካልሰማን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን እንሂድ። የአገራችንም ሽምግልና ይህንኑ ይመስላል። ሽማግሌው ለእኛ የሚያደላ ወዳጅ ሳይሆን ሁለታችንንም የሚሰማ ይሁን።

ሐ. ይህም ካልሆነ ነገሩን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለንስሐ አባታችን እናቅርብ።

ዱላ ወይም ማስፈራራት ባለበት ግን የተጠቃው ብቻውን ይሂድ አንልም፤ ፈጥኖ ለወላጅ ወይም ለሚታመን ታላቅ ሰው ይንገር። እርቅ በደልን መሸፈን አይደለም።

«የበደለኝ እርሱ ነው፤ እርሱ ይምጣ» የሚል ይኖራል። በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ተበዳዩ እንዲሄድ ታዘዘ፤ በምዕራፍ 5፥23-24 ደግሞ ወንድሙ ያዘነበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዘዘ። ስለዚህ ተቀምጦ እንዲጠብቅ የተፈቀደለት የለም፤ ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቅዳሴ ጊዜ የሰላምታ ሰዓት ሲደርስ ፊታችንን የምናዞርበት ሰው እንዳይኖር ከዛሬ ጀምረን እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።